ስሎቱ ነው ወይስ መንገዱ? ስለማይነበብ ራም ለወጣ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ስሎት (መሰኪያ) የተሰካለትን ራም፣ ማለትም ሜሞሪ፣ አላነብ ሲል ምን እንደሚደረግ የሚዘረዝር አንድ መመሪያ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ላላየው ሰው ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የራሙን ጥርስ (ጠርዙ ላይ ያሉትን የወርቅ መነካኪያዎች) በላጲስ ፈትጉ፤ ራም ስትሰኩ ለፕሮሰሰሩ ከሚቀርበው ስሎት ጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ ግማሹን ብቻ ካነበበ አንዱ ስሎት ሞቷል፤ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን የቦርዱን ፕሮግራም) አድሱ፤ ቮልቴጁን ከፍ አድርጉ፤ ስክሪኑ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከጨለመ አጥፉት፤ ስሎቱ ውስጥ የገባ ራም ሁሉ ይሠራል፣ መጠኑ ግን እኩል ይሁን፤ ዊንዶውስ ካጎደለ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ መጠኑን ሙሉ፤ ይህ ሁሉ ካልሠራ ስሎቱን በሙቅ አየር አሙቁ፣ እሱም ካልሆነ ማዘርቦርዱን ቀይሩ።

ከእነዚህ መካከል በቦታቸው ቢውሉ የሚጠቅሙ አሉ። የመመሪያው ትልቁ ስህተት ጥፋቱን ሁሉ ስሎቱ ላይ መለጠፉ ነው። ስሎት ምንም አያነብም። ፕላስቲክ ውስጥ የተሰደሩ የብረት ምላሶች ስብስብ ነው፤ ዲዲአር3 በሚባለው የራም ትውልድ ላይ 240፣ በተከታዮቹ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ላይ 288። አንባቢው ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ኤኤምዲ በእ.ኤ.አ. 2003 ከአትሎን 64 ጋር፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ከነሃለም ትውልድ ጋር የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን ከቺፕሴቱ (ከቦርዱ ዋና አስተባባሪ ቺፕ) አውጥተው ፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ ከተውታል። ስለዚህ «ስሎቱ አያነብም» ስንል ከፕሮሰሰሩ ተነስቶ እሱ በሚቀመጥበት ሶኬት ፒኖች፣ በቦርዱ ውስጥ በተዘረጉት መስመሮች፣ በስሎቱ ምላሶችና በራሙ ጥርሶች አልፎ ቺፖቹ ዘንድ የሚደርሰው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል ማለታችን ነው። የት እንደተቋረጠ ሳይለዩ ቦርድ መቀየር ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋህነት ነው፤ አንዳንዴ አዲሱም ቦርድ ያንኑ ችግር ይዞ ይነሳል፤ ጥፋቱ የራሙ ወይም የፕሮሰሰሩ ከነበረ።

ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው።

«የራሙን ጥርስ በላጲስ ፈትጉ»

ይህ ምክር የሚወደደው ብዙ ጊዜ የሠራ ስለሚመስል ነው። የሠራው ግን ላጲሱ ላይሆን ይችላል። ራሙን ነቅሎ መልሶ መሰካት በራሱ የስሎቱን ምላሶችና የራሙን ጥርሶች እርስ በርስ ያፋትጋል፤ ልል የነበረውም ግንኙነት ይመለሳል። ጥርሶቹ ላይ የተቀባው ወርቅ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው፤ አይዝግም። የሚያስቸግረው የጣት ወዝና አቧራ ነው። ላጲስ ወዙን ቢያነሳም ወርቁን ይልጣል፣ ብናኙም ስሎቱ ውስጥ ገብቶ ሌላ ችግር ይሆናል። ወርቁ ከተላጠ በኋላ ከሥሩ ያለው ኒኬል ለአየር ይጋለጣል፤ ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ መፈተግ ልማድ ይሆናል ማለት ነው።

ትክክለኛው ማጽጃ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ክር የማይለቅ ጨርቅ በትንሹ ተነክሮ ከላይ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ይጠረጋል፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ይደርቃል። ስሎቱ በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። መርፌ፣ ቢላ፣ የማሽን ዘይትና ስፕሬይ ቅባት እዚያ አካባቢ ሥራ የላቸውም።

መመሪያው ከዚህ በፊት መነገር የነበረበትን ነገር «ኮምፒውተሩን አጥፉ» ብሎ አልፎታል። የጠፋ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሳፕላዩ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ወደ ቦርዱ ይልካል፤ የተኛ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ራሙ ራሱ ሙሉ ኃይሉን እያገኘ ነው። ስለዚህ ከኋላ ያለው ማብሪያ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ የፓወር ቁልፉ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፣ ቦርዱ ላይ መብራት ካለ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ራም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ከመንካት በፊት የኬዙን ባዶ ብረት በእጅ መንካት የሰውነትን ስታቲክ ያወርዳል።

ሲሰካም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ቦርዶች መቆለፊያው ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያ ወገን ቀጭ ሲል ሰው ገባ ብሎ ይተወዋል፣ ሌላው ጫፍ ግን አንድ ሚሊሜትር ቀርቶታል። ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ መጫን፣ ከዚያ ዓይንን ከስሎቱ አፍ እኩል አድርጎ የሚታየው የወርቅ መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን ማየት ነው። መስመሩ ካዘመመ ራሙ አልገባም። ቦርዱ ኬዝ ውስጥ ሆኖ ስትጫኑት ከሥሩ የሚደግፈው ብሎን ከሌለና ቦርዱ ከታጠፈ አውጥቶ መሰካት ይሻላል።

«ለፕሮሰሰሩ ከሚቀርበው ስሎት ጀምሩ»

አራት ስሎት ባለው የዛሬ ቦርድ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ስሎቶቹ ከፕሮሰሰሩ ጀምሮ ሲቆጠሩ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 ናቸው፤ ኤ አንዱ ቻናል (ከፕሮሰሰሩ ወደ ራም የሚሄድ የመስመር ጥቅል)፣ ቢ ሌላው። አንድ ራም ብቻ ካለ ኤ2 ላይ፣ ሁለት ካሉ ኤ2 እና ቢ2 ላይ ይሰካሉ፤ ማለትም ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት። የቦርዱ መመሪያ ወረቀት ሰንጠረዡን ያሳያል፤ አንዳንዴም ስሎቶቹ አጠገብ ታትሟል።

ምክንያቱ የመስመሩ አዘረጋግ ነው። በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ የቻናሉ መስመር መጀመሪያ ኤ1ን ነክቶ ኤ2 ላይ ያልቃል። ራሙ ኤ1 ላይ ሆኖ ኤ2 ባዶ ከሆነ ሲግናሉ እስከ ባዶው ጫፍ ሄዶ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል፤ አንዳንድ ቦርዶች ኤ1 ላይ ብቻ በተሰካ ራም ፈጽሞ አይነሱም። እንግዲህ በመመሪያው መሠረት አንዱን ራም ኤ1 ላይ ሰክቶ ስክሪን ያጣ ሰው «ስሎት አንድ ሞቷል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስሎቱ ግን ደህና ነው። ኤ1ን መፈተን የሚቻለው ኤ2 ላይ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ራም ተሰክቶ እያለ ነው።

ሁለት ስሎት ብቻ ባለው ቦርድ ላይ እያንዳንዱ ስሎት የራሱ ቻናል ስለሆነ ይህ ጣጣ የለም።

«ግማሹን ብቻ ካነበበ አንዱ ስሎት ሞቷል»

የምላሻችን ክብደት እዚህ ላይ ነው። ከመደምደም በፊት ቢያንስ ይህ ሙከራ ይሠራ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ራም ለብቻው ኤ2 ላይ ይሰካና ኮምፒውተሩ መነሳቱ፣ ባዮሱም ሙሉ መጠኑን ማሳየቱ ይታያል። በሁሉም ቦታ የማይሠራ ራም ካለ ጥፋቱ የራሙ ነው፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ራሞቹ ደህና ከሆኑ አንዱ ኤ2 ላይ ይቀመጥና ሌላው በተራ ቢ2፣ ኤ1፣ ቢ1 ላይ ይሞከራል። በየሙከራው ባዮስ ውስጥ የሚታየውን ጠቅላላ መጠን ወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል፤ በቃል የተያዘ ሙከራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይምታታል።

ውጤቱ ብዙ ይናገራል። ቢ1 ብቻ አላነብ ካለና ቢ2 ካነበበ በእርግጥም ችግሩ ወደ ስሎቱ ይጠጋል፦ ቆሻሻ፣ የተጣመመ ምላስ፣ ከቦርዱ ጀርባ የተሰነጠቀ ብየዳ። ቢ1ም ቢ2ም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ሁለት ስሎት በአንድ ቀን አይሞትም። የጠፋው ቻናሉ ነው፤ ቻናሉ የሚጀምረው ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሥር ነው። መመሪያው ስለ ፕሮሰሰር ሶኬት አንዲት ቃል አለማንሳቱ የሚያስገርመው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከተገጣጠመ፣ ፕሮሰሰሩ ወይም ማቀዝቀዣው ከተነካ በኋላ የጠፋ ቻናል መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው።

ሌላ ምልክት አለ። ራም ላይ ስሙን፣ መጠኑንና ፍጥነቱን የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች፤ ኤስፒዲ ትባላለች። እሷ የምትነበበው ዳታው በሚሄድበት ሰፊ መንገድ ሳይሆን በራሷ ቀጭን መስመር ነው። ስለዚህ ባዮሱ ወይም ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም የራሙን ስም በቢ2 ላይ እያሳየ ጠቅላላ መጠኑ ላይ ግን ካልደመረው ቢያንስ ይህች ቺፕ ኃይል አግኝታለች፣ ስሎቱም ራሙን በከፊል ይነካዋል፤ የተበላሸው የዳታ መስመሩ ሳይሆን አይቀርም፣ ሶኬቱ ይታይ። ስሙም መጠኑም ከሌለ አገባቡ፣ ራሙና ስሎቱ ይታዩ። ቦርዱ ባለ ሁለት አሃዝ የኮድ ማሳያ ካለው ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ የኤኤምአይ ባዮስ ባላቸው ቦርዶች ላይ 51 ኤስፒዲው አልተነበበም፣ 53 የሚሠራ ሜሞሪ አልተገኘም፣ 55 ሜሞሪ አልተሰካም ማለት ነው።

ወደ ሶኬቱ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ማቀዝቀዣውን ማላላት ነው፤ መንቀል አይደለም። ከአራቱ ብሎኖች አንደኛው ከሌሎቹ በላይ ከጠበቀ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጎን ተጭኖ በሌላው ይነሳል፤ የተነሳው ጎን ላይ ያሉ ፒኖች በደንብ አይነኩም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያንዳንዱ ብሎን በግማሽ ዙር፣ በመስቀል ቅርጽ ይላላና እንደገና ይሞከራል። ራሙ ተመልሶ ከመጣ በሽታው ታወቀ። በኢንቴሉ ኤልጂኤ 1700 ሶኬት ላይ ኮንታክት ፍሬም (ፕሮሰሰሩን እኩል እንዲጫን የሚገጠም ክፈፍ) የገጠሙ ሰዎች ፍሬሙን ከመጠን በላይ በማጥበቅ ቻናል እንደሚያጡ እዚሁ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ካልሆነ ፕሮሰሰሩ ይወጣል። በኤልጂኤ ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፤ በኤልጂኤ 1700 ላይ 1700፣ በኤኤምዲው ኤኤም5 ላይ 1718። ክፍሉ ደብዘዝ ይበልና አንድ ትንሽ መብራት ከጎን፣ ዝቅ ተደርጎ ይብራ። ደህና ፒኖች ጫፋቸው በአንድ አቅጣጫ ስለተቀለበሰ ብርሃኑን እኩል ይመልሳሉ፤ ረድፉ እንደ ተበጠረ ፀጉር ነው። መብራቱ ቀስ ተብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲንቀሳቀስ የብርሃኑ ማዕበል አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፦ አንዲት ነጥብ ጨለማ ትሆናለች ወይም ከጎረቤቷ ቀድማ ታበራለች። እሷ ናት። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ፎቶ ማንሳትና በትልቁ ማየት ከዓይን ይሻላል፤ ከአራቱም ጎን ይነሳ፣ ምክንያቱም በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ የሚመስል ፒን ከሌላው ጎን ሲታይ ተኝቶ ይገኛል።

የተጣመመ ፒን በቀጭን መርፌ ጫፍ ወይም እርሳሱ በወጣለት ባለ 0.5 መካኒካል እርሳስ ቀዳዳ፣ በማጉያ መነጽር እየታየ፣ በትንሽ በትንሹ ወደ ቦታው ይገፋል። አንድ ጊዜ መታጠፍን ይችላል፤ ሦስተኛው ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ፍጹም ቀጥ ማድረግ ግብ አይደለም፤ ጫፉ ከረድፉ ጋር ከገጠመ በቂ ነው። ሶኬት ውስጥ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ከገባ ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ዓይነትም ቢሆን በፒኑና በፕሮሰሰሩ መካከል ገብቶ ግንኙነቱን ይከለክላል። አልኮል በብዛት ተደርጎበት በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ፒኖቹ ወደሚተኙበት አቅጣጫ ብቻ ይጠረጋል፤ በጥጥ ከተነካ ጥጡ ፒን ይዞ ይነሳል። የፕሮሰሰሩ ሆድም በአልኮል ይጠረግ።

ከኤኤም5 በፊት በነበረው የኤኤምዲ ሶኬት፣ በኤኤም4 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ 1331ዱ ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው። እዚያ የሚደርሰው የተለመደ አደጋ ማቀዝቀዣው ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ተለጥፎበት ከተቆለፈ ሶኬት ተነቅሎ መውጣቱ ነው። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርቶ ፔስቱ ሲሞቅ አጥፍቶ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ በማዞር ማላቀቅ ያድናል። የተጣመሙት በካርድ ጠርዝ ረድፉን ተከትሎ ይቃናሉ። የጎደለች ፒን የዳታ ከሆነች ቻናሉን ይዛ ትሄዳለች፤ የመሬት ወይም የኃይል ከሆነች ምንም ላይታይ ይችላል።

መልቲሜትር ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ። ኃይልም ባትሪም ተነቅሎ፣ ራሞቹ ወጥተው፣ ፕሮሰሰሩ ግን በቦታው እያለ መልቲሜትሩ ዳዮድ ላይ ይደረጋል፤ ቀዩ ዘንግ የቦርዱ መሬት ላይ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከቦርዱ ጀርባ የስሎቱ ብየዳዎች ላይ። ዘንጉን ስሎቱ ውስጥ መክተት ምላሶቹን ያሰፋል፣ አይደረግም። የቢ2 ዳታ ፒኖች ንባብ ከኤ2 ተመሳሳይ ፒኖች ጋር ይነጻጸራል፤ ቁጥሮቹ መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ላይ ብቻ «ክፍት» ካለ መስመሩ ተቋርጧል። ያው ፒን ቢ1 ላይ ደህና ሆኖ ቢ2 ላይ ክፍት ከሆነ ጥፋቱ ከሁለቱ ስሎቶች መካከል ነው፤ ሁለቱም ላይ ክፍት ከሆነ ከሶኬቱ ወገን።

የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ራሱ ተቃጥሎ ቻናል የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ይህ የሚረጋገጠው በሌላ ፕሮሰሰር በመሞከር ብቻ ነው፤ ሁለት ፕሮሰሰር በሚይዙ ቦርዶች ላይ ደግሞ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ካልተሰካ የእሱ ወገን ስሎቶች በሙሉ አይሠሩም፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

«ባዮሱን አድሱ»

ትላንት ሲነበብ የነበረ ራም ዛሬ ከጠፋ ባዮሱ በአንድ ሌሊት አላረጀም። ማደስ የሚጠቅመው አዲስ ራም ወይም አዲስ ፕሮሰሰር ሲገባ ነው፤ ለምሳሌ ከ2023 ወዲህ የመጡት ባለ 24 እና ባለ 48 ጊጋ የዲዲአር5 ራሞች ቀድመው በወጡ ቦርዶች ላይ አዲስ ባዮስ ይጠይቃሉ። መመሪያው ያልተናገረው አደጋ ግን አለ፦ አዲሱ ባዮስ ከመጻፉ በፊት ራም ላይ ያርፋል። ራሙ የሚሳሳት ከሆነ የተሳሳተ ነገር ይጻፍና ቦርዱ በእርግጥ ይሞታል። ማደስ ግድ ከሆነ በአንድ የተረጋገጠ ራም፣ በኤ2፣ በመደበኛ ፍጥነት ይሁን፤ ቦርዱ ፍላሽባክ ካለው ደግሞ ያለ ራምና ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ዲስክ ማደስ ይቻላል።

ከማደስ በፊት ሲሞስን፣ ማለትም የባዮሱ ሰቲንግ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ማጽዳት ይቀድማል። ገመዱ ተነቅሎ ሁለቱ የማጽጃ ፒኖች 10 ሰከንድ ያህል ይገናኛሉ፣ ወይም ሲአር2032 ባትሪዋ ለአምስት ደቂቃ ትወጣለች። ለድሮው ራም የተቀመጠ ሰቲንግ አዲሱን የሚያስነሳበት ምክንያት የለም።

«ቮልቴጁን ከፍ አድርጉ»

አይሆንም። መደበኛው ለዲዲአር3 1.5፣ ለዲዲአር4 1.2፣ ለዲዲአር5 1.1 ቮልት ነው፤ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው የባዮስ ሰቲንግ) የበራበት ዲዲአር4 ብዙ ጊዜ 1.35 ይወስዳል። መመሪያው ለዲዲአር4 1.5 ይላል፤ ይህ የተቋረጠ መስመር አይቀጥልም፣ የፕሮሰሰሩን መቆጣጠሪያ ግን ያስጨንቃል። የሚጠቅመው ተቃራኒው ነው፦ ኤክስኤምፒን ወይም የኤኤምዲውን ኤክስፖን አጥፍቶ በመደበኛ ፍጥነት መሞከር። በተለይ አራት ራም ሲሰካ። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮቹ በሁለት ዲዲአር5 ራም የ5200 ፍጥነት ሲፈቅድ በአራት ወደ 3600 ያወርደዋል። በ6000 የሚሠሩ ሁለት ራሞች ላይ ሌላ ሁለት ጨምሮ ፍጥነቱን ሳይነካ የተወ ሰው ጥቁር ስክሪን ቢያይ ስሎቶቹን አይውቀስ።

«ከአንድ ደቂቃ በላይ ከጨለመ አጥፉት»

ለዲዲአር3 ጥሩ ምክር ነበር። ዲዲአር5 ግን አዲስ ራም ሲገባ ወይም ሲሞስ ሲጸዳ መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን መስመር እየለካ ጊዜውን ያስተካክላል፤ ትሬኒንግ የሚባለው ይህ ነው። ስክሪኑ ጨልሞ፣ የራም መብራቱ በርቶ በርካታ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙ በበዛ ቁጥር ይረዝማል። በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋው ሰው ሥራውን ከመሃል እየቆረጠ እንደገና ያስጀምረዋል። 15 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ካልተነሳ ሌላ ነገር ይታሰብ።

«የገባ ራም ሁሉ ይሠራል፣ መጠኑ ግን እኩል ይሁን»

ሁለቱም ግማሾች የተሳሳቱ ናቸው። የሰርቨር ዲዲአር4 ራም ዴስክቶፕ ስሎት ውስጥ በሚገባ ይገባል፤ ጥርሶቹ መካከል ያለው ሰርጉዱም አንድ ቦታ ነው። ሬጅስተርድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ተራ ዴስክቶፕ አያስነሳውም። የሚለየው መሃሉ ላይ ባለችው ተጨማሪ ቺፕና በመለያው ነው፤ ከፍጥነቱ በኋላ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የላቲን ፊደል «አር» ከሆነ የሰርቨር፣ «ዩ» ከሆነ የዴስክቶፕ ነው። በርካሽ የሚገኙ ያገለገሉ ራሞች ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው። በዲዲአር5 ላይ ሰርጉዱ ስለተለያየ ይህ ስህተት አይፈጠርም።

ቺፖቹም ይወስናሉ። የጂ41 ቺፕሴት ያላቸው ባለ ዲዲአር3 አሮጌ ቦርዶች ባለ 4 ጊጋ ራም የሚያነቡት 16 ቺፕ ሲኖረው ነው፤ ያው 4 ጊጋ በ8 ቺፕ ከመጣ አያስነሱም ወይም አሳንሰው ያያሉ። የ3ኛና የ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ዴስክቶፖች በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋ በላይ አይቀበሉም። «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብለው የሚሸጡ ባለ ዲዲአር3 ራሞችም ኢንቴል ላይ አይነበቡም፤ ስሎቱን ቢያጸዱት፣ ቢፈትጉት ለውጥ የለም።

በሌላ በኩል መጠን መለያየቱ ማንንም አያግድም። 8 ጊጋና 4 ጊጋ በሁለት ቻናል ከተሰኩ 12 ጊጋ ይነበባል፤ ከሁለቱም 4 ጊጋ በጥምር ፍጥነት፣ የቀረው 4 ለብቻው ይሠራል። የፍጥነት ልዩነት ካለ ሁሉም በዝቅተኛው ይሄዳሉ። ከተለያየ ሳጥን የወጡ ራሞች አልስማማ የሚሉት ባብዛኛው ኤክስኤምፒ ሲበራ ነው።

«ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ መጠኑን ሙሉ»

እዚያ ያለችው ሳጥን ገደብ ማበጃ ናት። ምልክት ከተደረገባት ዊንዶውስ ከተጻፈው በላይ እንዳይጠቀም ታግዳለች፤ ያልተነበበ ራም አትጨምርም። ምልክቱ ይነሳ፣ ኮምፒውተሩም እንደገና ይነሳ። ዋናው ጥያቄ ባዮሱ ስንት ያያል የሚለው ነው። ባዮሱ 16 እያየ ዊንዶውስ 8 ካለ ነገሩ የዊንዶውስ ወይም የባዮስ ሰቲንግ ነው፤ ባዮሱ ራሱ 8 ካለ ዊንዶውስ ውስጥ የሚፈለግ ነገር የለም። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ እንደማያልፍ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ግራፊክስም ከራሙ ላይ ቆርሶ እንደሚወስድ መርሳት አይገባም፤ ታስክ ማናጀር ላይ ለሃርድዌር የተያዘ ተብሎ የሚታየው እሱ ነው። የሜሞሪ መፈተኛ ፕሮግራሞችም የተነበበውን ብቻ ነው የሚፈትኑት፤ ያልተነበበ ራም ላይ «ስህተት የለም» ማለታቸው ትርጉም የለውም።

«ስሎቱን በሙቅ አየር አሙቁ»

የስሎቱ ፕላስቲክ ብየዳው ከመቅለጡ በፊት ሊጣመም ይችላል፤ ዙሪያው ያሉ ካፓሲተሮችም አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። ከቦርዱ ጀርባ የተሰነጠቀ ብየዳ በመልቲሜትር ከተረጋገጠና ስሎቱ ፒኑ ቦርዱን በስቶ የወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ፍለክስ የሚባለው የብየዳ ቅባት ተቀብቶ በቀጭን ብየዳ ብረት ያንን ፒን ብቻ መንካት ነው። ፒኖቹ ጀርባ የማይወጡ ከሆኑ ሥራው የባለሙያ ነው።

ስሎቱ በእርግጥ ከሞተም ቦርዱ አልሞተም። ቢ1 ብቻ ከጠፋ ኤ2 እና ቢ2 ላይ ሁለት ትልልቅ ራሞች መስካት ከአራት ትንንሾች ይሻላል። የቢ ቻናል በሙሉ ከጠፋ ኤ2 እና ኤ1 ላይ ሁለቱን መስካት ይቻላል፤ መጠኑ ሙሉ ይሆናል፣ ዳታ የሚመላለስበት መንገድ ግን በግማሽ ይጠባል። ቢሮ ሥራ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ግን ጨዋታና ቪዲዮ ላይ ወዲያው ይታያል።